በጋዝ ነበልባል የመስታወት ዶቃ መሥራት፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ጀማሪዎች ዝርዝር መመሪያ

መስታወት ሙቀትን ቶሎ አያሳልፍም። ውጩ ሲግል ውስጡ ገና ቀዝቃዛ ነው፤ ውጩ ሲበርድ ደግሞ ውስጡ ገና ትኩስ ነው። ልዩነቱ ሲበዛ ጠሽ ብሎ ይሰነጠቃል። ጀማሪ ዶቃ ሠሪን የሚያማርረው ነገር ሁሉ ማለት ይቻላል ከዚህ ይነሳል። ከዚህ በታች ያለው ሥራም፣ መስታወት መቁረጡ፣ ዶቃው የሚጠቀለልበትን የብረት ዘንግ መቀባቱ፣ አመድ መንፋቱ፣ ለአንድ ጉዳይ ነው፦ መስታወቱ ወደ እሳት ቀስ ብሎ እንዲገባ፣ ከእሳትም ቀስ ብሎ እንዲወጣ።

መመሪያው የታሰበው የኤሌክትሪክ ማቃጠያ ምድጃ (ኪልን) ለሌለው፣ በቡታጋዝ ቶርችና በመስኮት መስታወት ቁርጥራጭ ለሚጀምር ሰው ነው።

መስታወቱን መምረጥና መቁረጥ

ለዶቃ ተብሎ የሚሠራው ባለቀለም የመስታወት ዘንግ፣ በተለይ የጣሊያኑ የሙራኖ ዓይነት፣ በዝቅተኛ ሙቀት ይለሰልሳል፤ ለእጅም ይመቻል። ነገር ግን ከውጭ መምጣት አለበት። ለልምምድ ከመስኮትና ከፎቶ ፍሬም መስታወት ቤቶች የሚጣለው ቁርጥራጭ ይበቃል። 4 ሚ.ሜ ውፍረት ያለውን ጠይቁ። ባለሙያው በአልማዙ 6 ሚ.ሜ ስፋትና 25 ሳ.ሜ ርዝመት ያላቸው ቀጫጭን ቁራጮች ቢያወጣላችሁ የቤት ውስጥ ዘንግ አገኛችሁ ማለት ነው። ጠርዙ እንደ ምላጭ ስለሆነ ብርጭቆ ወረቀት በውሃ አርሳችሁ ሳትነኩት በፊት አሹት። ደረቁን አትሹ፤ የመስታወት ብናኝ ለሳንባ መጥፎ ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ከዚህ ቁራጭ 2 ሳ.ሜ ቢቀልጥ ከ10 እስከ 11 ሚ.ሜ የሆነ አንድ ክብ ዶቃ ይወጣዋል፤ ክብደቱም 1.2 ግራም ገደማ ነው። የመጨረሻው 8 ሳ.ሜ ለእጅ ስለሚግል ይተዋል፤ ስለዚህ ከአንድ ቁራጭ 8 ዶቃ ጠብቁ።

የማይሆኑትን እንለይ። ሲሰበር እንደ በረዶ ጠጠር የሚበተነው ጠንካራ መስታወት (ቴምፐርድ) በአልማዝ አይቆረጥም። መልክ ማያ መስታወት ከኋላው ቀለም አለበት፣ ይጨሳል። የመኪና የፊት መስታወት በመሃሉ ፕላስቲክ አለው። የፍሎረሰንት አምፖል ሜርኩሪ ስላለበት ጭራሽ አትሰባብሩት። እሳት የሚችለው የላቦራቶሪና የመጋገሪያ መስታወት ደግሞ በዚህ ቶርች አይቀልጥም።

ጠርሙስስ? ቡናማውም አረንጓዴውም ያምራል፣ ኮምቦልቻም ደሴም ባዶ ጠርሙስ ሞልቷል። ግን ሁለት ነገር ዕወቁ። የጠርሙስ መስታወት ከነበልባል ሲወጣ ቶሎ ይደርቃል፣ ለመቅረጽ ፋታ አይሰጥም። ሁለተኛው ይብሳል፦ አንዱን ጠርሙስ ከሌላው፣ ወይም ጠርሙስን ከመስኮት መስታወት ጋር በአንድ ዶቃ ስታቀልጡ ሲበርዱ እኩል ላይኮማተሩ ይችላሉ። ያኔ ዶቃው ዛሬ ደህና ሆኖ ያድርና በሳምንቱ ለሁለት ይከፈላል። መፈተኛው እነሆ፦ ሁለቱን መስታወት ጎን ለጎን አቅልጣችሁ አጣብቁ፣ ከእሳት አውጥታችሁ 30 ሳ.ሜ ያህል ቀጭን ክር ጎትቱ፣ ይብረድ። ክሩ ቀጥ ብሎ ከቀረ ይስማማሉ። እንደ ቀስት ከጎበጠ አይስማሙም፤ ወደ ውስጥ የጎበጠው ወገን ይበልጥ የተኮማተረው ነው።

ዘንግና ሽፋኑ

ዶቃው የሚጠቀለልበት ብረት የማይዝግ (ስቴንለስ) መሆን አለበት። በአርጎን የሚበይዱ ቤቶች የሚጠቀሙበት የስቴንለስ መሙያ ሽቦ 1.6 እና 2.4 ሚ.ሜ አለው፤ 2.4ቱን በ25 ሳ.ሜ ቁረጡ፣ 10 ዘንግ ይበቃል። ጫፉን በሞረድ አለስልሱ፤ ካልሆነ ዶቃው ሲወጣ ይይዘዋል። የሳይክል ራጂ የሚሆነው ስቴንለስ ከሆነ ብቻ ነው። ዚንክ የተለበጠ ከሆነ ሲግል የሚወጣው ነጭ ጢስ ያሳምማል፤ የብየዳ ሠራተኛ ሁሉ ያውቀዋል።

ባዶ ብረት ላይ የተጠቀለለ ዶቃ አይወጣም። በመሃላቸው ሽፋን ያስፈልጋል፦ እኩል ካኦሊን (ነጭ የሸክላ አፈር) እና እኩል አሉሚና ሃይድሬት ዱቄት በውሃ ይበጠበጣል። ውፍረቱ ከወተት ወፈር፣ ከእርጎ ቀጠን ይበል። በቀጭን ጨርቅ አጥልሉት፤ አንዲት የቀረች እብጠት ዶቃውን ታናጋለች። ዘንጉን ከ5 እስከ 6 ሳ.ሜ ንከሩ፣ ቀጥ አድርጋችሁ በዝግታ አውጡ፣ አሸዋ በሞላ ጣሳ ላይ አቁሙና አድርቁ። በሐምሌና ነሐሴ ደሴ ላይ ከማታ እስከ ጠዋት ቢቆይም እርጥበት ይቀረዋል። እርጥብ ሽፋን በነበልባል ሲመታ ይፈነዳል፣ እንደ ቅርፊት ይላጣል። ቅርፊት ካያችሁ አትጠግኑት፤ አጥባችሁ እንደገና ንከሩ።

ቶርችና ጋዝ፣ የከፍታውም ጉዳይ

ፍሪጅ ጠጋኞች የመዳብ ቱቦ የሚበይዱበት ዓይነት፣ አየሩን ራሱ ከጎን ቀዳዳዎቹ የሚስብ ቶርች ለመጀመሪያ ይሆናል። በሞርሳ ወይም በጠንካራ ማሰሪያ ጠረጴዛ ላይ ይታሰር፤ አፉ ከእናንተ ወደ ውጭ፣ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ወደ ላይ ያዘንብል። በአንድ እጅ ቶርች ይዞ በሌላው ዶቃ መሥራት አይቻልም፤ ሁለቱም እጅ ሥራ አለው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሬጉሌተሩ ላይ ነው። የወጥ ቤቱ ሬጉሌተር 30 ሚሊባር አካባቢ ነው የሚሰጠው፤ ይህ ዓይነት ቶርች ግን ከ1 ባር በላይ ይፈልጋል። የሚስተካከል የከፍተኛ ግፊት ሬጉሌተርና ለዚያ ግፊት የተሠራ የጋዝ ጎማ ግዙ፤ ጎማውን በፋሼታ እሰሩ። መጋጠሚያውን ሁሉ በሳሙና አረፋ ፈትኑ፤ አረፋው ካበጠ ይተነፍሳል። ሲሊንደሩ ቆሞ፣ ከቤት ውጭ ይቀመጥ። ቡታጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ቢያፈስ ወለል ላይ ይተኛል፤ ከሰል ከተቀጣጠለበት ቦታ ጋር አይገናኝ።

አሁን ወደ ከፍታው። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ነው፤ የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ ደሴ ስትደርሱ 2,500 ሜትር ገደማ ትደርሳላችሁ። ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር የኮምቦልቻ አየር በአንድ ስድስተኛ ያህል የሳሳ ነው፣ የደሴው ከአንድ አምስተኛ በላይ። ቶርቹ የሚስበው ይህንኑ ሳሳ ያለ አየር ስለሆነ ለጋዙ የሚበቃ ኦክስጅን ያጥረዋል። ምልክቱ ይታወቃል፦ የነበልባሉ ጫፍ ቢጫ ይሆናል፣ ድምፁ ይለግማል፣ መስታወቱ ላይ ግራጫ ወይም ጥቁር ጥላ ይቀራል። ንጹሕ ቁራጭ ለጥቂት ሰከንድ ከነበልባሉ ጫፍ አጠገብ ይዛችሁ እዩት። ካጠቆረው የአየር ቀዳዳውን ክፈቱ፣ የጋዙን ግፊት ቀንሱ፤ ከ1 ባር ጀምራችሁ ነበልባሉ ሰማያዊ ሆኖ ፉ እስኪል ብቻ ጨምሩ። ጋዝ መጨመር ሙቀት መጨመር የሚመስለው ሰው ደሴ ላይ ጥላሸት ነው የሚያመርተው።

የጠዋቱ ብርድ ሌላ ነው። በቡታጋዝ ውስጥ ያለው ቡቴን ከዜሮ ዲግሪ በታች ጭራሽ አይተንም፤ በ10 ዲግሪም የሚሰጠው ግፊት ትንሽ ነው። ሲሊንደሩ ውጩ ጤዛ ለብሶ ነበልባሉ ከተኮማተረ ለብ ባለ ውሃ በተሞላ ሳፋ ውስጥ አቁሙት፤ እጅ የሚችለው ሙቀት ይሁን። በከሰልም ሆነ በነበልባል ሲሊንደር አይሞቅም።

የበያጆች ኦክሲ አሲቴሊን ነበልባል ለዚህ ሥራ አይሆንም። ከመጠን በላይ ይግላል፣ መስታወቱን ያፈላዋል፣ ጥላሸትም አለው።

ቦታ፣ አለባበስ፣ ዓይን

በረንዳ ወይም ሁለት መስኮቱ የተከፈተ ክፍል ይሁን፤ ግን ነበልባሉ ላይ ንፋስ አይምጣ። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው የከሰዓት ንፋስ ነበልባሉን ከማወዛወዝ አልፎ ትኩስ ዶቃን በአንድ ጎኑ ብቻ ያበርዳል። በጀርባችሁ በኩል ያለውን በር ዝጉ። ጠረጴዛው ላይ ላሜራ አንጥፉ፤ አንድ ባልዲ ውሃ አጠገባችሁ ይኑር።

ጥጥ ልብስ ልበሱ። ቱታ የሚሠራበት ሰው ሠራሽ ጨርቅ ፍንጣሪ ሲያርፍበት ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ነጠላም ሆነ ሻሽ ጫፉ አይንጠልጠል፣ ፀጉር ይታሰር፣ ጫማ ይዘጋ። ለዓይን ዲዲሚየም መነጽር ያስፈልጋል፤ መስታወት ውስጥ ያለው ሶዲየም ሲግል የሚያወጣውን ደማቅ ብርቱካናማ ብርሃን ይውጠዋል፣ ዶቃውም ይታያል። የብየዳ ጥቁር መነጽር ደግሞ ዶቃውን ራሱን ይደብቀዋል። ዲዲሚየም እስኪገኝ ቢያንስ ፍንጣሪ የሚከላከል የፕላስቲክ መነጽር አድርጉ፣ ነበልባሉ ላይ የምትቆዩበትንም ጊዜ አሳጥሩ። ቢያቃጥላችሁ 20 ደቂቃ የሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ፤ የጥርስ ሳሙና፣ ሊጥና ቅቤ አይቀባም።

አመዱ

ዶቃው ቀስ ብሎ እንዲበርድ የሚቀበርበት አመድ ነበልባል ከማቀጣጠላችሁ አንድ ሰዓት ቀድሞ የሚዘጋጅ ነው። የተነፋ ደረቅ የእንጨት አመድ 15 ሳ.ሜ ጥልቀት እስኪኖረው ትልቅ የብረት ቆርቆሮ ውስጥ ጨምሩና ውጭ፣ ከሰል ምድጃ ላይ ጣዱት። ከሰሉ ክፍል ውስጥ አይግባ። አመዱን አልፎ አልፎ እያማሰላችሁ ደረቅ ስንደዶ ክተቱበት፤ ስንደዶው ቡናማ ሆኖ ከወጣ ደርሷል። ቀዝቃዛ አመድ ውስጥ የገባ ዶቃ ቶሎ በርዶ ሊሰነጠቅ ይችላል።

መጠቅለል

ዘንጉን በግራ፣ መስታወቱን በቀኝ ያዙ (ግራኝ ይገልብጠው)። ክርናችሁ ጠረጴዛ ላይ ይረፍ። ነበልባሉ ውስጥ አጭር ሰማያዊ ሾጣጣ ይታያል፤ የሥራ ቦታችሁ ከሾጣጣው ጫፍ ከ2 እስከ 3 ሳ.ሜ ወጣ ብሎ ነው። ቀርባችሁ ብትገቡ ያጠቁራል፣ ብትርቁ አይቀልጥም።

መስታወቱን ከነበልባሉ የሩቅ ጫፍ አስገቡ፤ ገባ ወጣ እያደረጋችሁ እስከ 30 ቁጠሩ። ቸኩላችሁ መሃል ነበልባል ላይ ብትሰኩት ጫፉ ተሰባብሮ ይበተናል። ብርቱካናማው ብርሃን መታየት ሲጀምር ወደ ሥራው ቦታ አቅርቡትና አሽከርክሩት። ጫፉ ሽምብራ ያህል ኳስ ይሆናል፤ ኳሱ እንደ በረደ ማር ወደ ታች መንሸራተት ሲያምረው ለመጠቅለል ደርሷል።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ዘንጉ ከነበልባሉ ኋላ ሆኖ ይሙቅ፤ የተቀባው ቦታ ደብዘዝ ያለ ቀይ ይሁን። ዘንጉ ካልጋለ መስታወቱ አይዘውም፣ ወይም ለጊዜው ይይዝና በኋላ ሽፋኑን ገንጥሎ ይሽከረከራል።

አሁን ዘንጉን ከነበልባሉ ትንሽ ዝቅ አድርጉ፣ ኳሱን አስነኩትና ዘንጉን ከእናንተ ወደ ውጭ አዙሩት። የሚዞረው ዘንጉ ነው፤ መስታወቱ ቆሞ ይመገባል። አንድ ዙር ሙሉ ስትጨርሱ መስታወቱን ወደ ኋላ ሳብ አድርጉና ቀጭኑን አንገት ነበልባሉ ይቁረጠው። በእጅ መበጠስ ጭራ ያስቀራል። ከዚያ በዚያው ላይ ሌላ ዙር ጨምሩ። ዘንጉ ላይ የሚያርፈው ስፋት 7 ሚ.ሜ ያህል ይሁን፤ ቁመቱ ከስፋቱ ሲበልጥ ነው የቀዳዳው ሁለት አፎች ወደ ውስጥ ገባ የሚሉት። ስፋቱ ከበዛ ጫፎቹ ስል ሆነው ይቀራሉ፣ ክርም ይቆርጣሉ።

ባቲ ሰኞ ገበያ ላይ ጨሌ ስታዩ ቀዳዳውን በብርሃን አስተውሉ። መስመሮቹና አረፋዎቹ ቀዳዳውን ከከበቡት ይህን በመሰለ መንገድ ዘንግ ላይ የተጠቀለለ ነው። ከቀዳዳው ጋር አብረው የሚሄዱ ከሆነ ደግሞ ከተጎተተ የመስታወት ቱቦ የተቆራረጠ ነው።

ክብ ማድረግ የእጅ ሥራ አይመስልም፤ መስታወቱ ራሱ ይከባል። የእናንተ ድርሻ ዘንጉን አግድም ቀጥ አድርጎ በየሰከንዱ አንድ ዙር ማሽከርከር ነው። እጅ ከቆመ መስታወቱ ወደ ታች ይንጠለጠላል፣ ቀዳዳውም ወደ ጎን ይሄዳል። ከተንጠለጠለ አትደንግጡ፦ የከበደውን ወገን ወደ ላይ አዙራችሁ ያዙት፣ ራሱ ይወርዳል፣ ከዚያ ማሽከርከሩን ቀጥሉ። በመጀመሪያው ቀን ነጠብጣብና አበባ አያስፈልግም፤ አምስት ክብ ነጭ ዶቃ በቂ ግብ ነው።

ከእሳት ማውጣት

ክቡ እንደተስተካከለ ዶቃው ከነበልባሉ ይራቅ፤ ከሩቁ ጫፍ ላይ አንድ ደቂቃ ያህል እያሽከረከራችሁ ውስጡንና ውጩን አስታርቁ። ከዚያ ከነበልባሉ አውጡና ከጠረጴዛው በታች ባለው ጥላ እዩት፣ ማሽከርከሩ ሳይቆም። ቀይ ፍካቱ ይደበዝዛል፣ ይደበዝዛል፣ በጥላ ውስጥ እንኳ የማይታይ ይሆናል። ወደ አመዱ የሚገባው በዚህች ቅጽበት ነው። ፍካቱ ሳይጠፋ ከገባ አመዱ ላዩ ላይ ይጣበቅና እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሻክራል። ፍካቱ ከጠፋ በኋላ ቆማችሁ ካደነቃችሁት ደግሞ አመዱ ውስጥ ሳይገባ ይሰነጠቃል። ለማድነቅ ነገ ጊዜ አለ።

ዶቃውን ከ8 ሳ.ሜ በላይ ቅበሩት፣ ዶቃዎች አይነካኩ። ሲጨርሱ ቆርቆሮውን ከድናችሁ ከሰሉ በራሱ ይጥፋ፤ እስከ ጠዋት አይከፈት።

አመድ መስታወቱ ሲበርድ ውስጡ የሚቀረውን ውጥረት ይቀንሳል እንጂ አያስለቅቅም። ከ11 ሚ.ሜ የሚያልፍ ዶቃ በአመድ ብቻ አይታመንም። ኪልን ያለው የሸክላ ሠሪ ካወቃችሁ የበረዱትን ዶቃዎች ሰብስባችሁ ከብርድ ጀምሮ በዝግታ አሙቁ፣ ለመስኮት መስታወት 550 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ከ30 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት አቆዩ፣ ከዚያ በዝግታ አብርዱ፤ ለሙራኖው 520 ገደማ ነው። መሃል ላይ መብራት ከጠፋ በሩን አትክፈቱ። ይህን ያላለፈ ዶቃ መሸጥ ተገቢ አይደለም፤ ከወራት በኋላ ሰው አንገት ላይ ሊከፈል ይችላል።

ውጥረቱን በዓይን ማየት ይቻላል። የስልክ ስክሪን ነጭ አድርጉ፣ በፖላራይዝድ የፀሐይ መነጽር እያያችሁ ስክሪኑ እስኪጨልም መነጽሩን አዙሩ። ዶቃውን በብርጭቆ ውስጥ ባለ የምግብ ዘይት ነክራችሁ በመሃላቸው አስቀምጡ። በጨለማው ላይ ቀዳዳውን የከበበ ብሩህ ቦታ ከታየ ውጥረት አለ።

ከዘንግ ማላቀቅ

ግማሽ ሰዓት ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉ። ዘንጉን በፒንሳ ያዙና ዶቃውን በእርጥብ ጨርቅ አዙሩት፤ አትጎትቱ። ቀዳዳው ውስጥ የቀረውን ነጭ ዱቄት ውሃ ውስጥ ሆናችሁ በቀጭን ክብ ሞረድ አውጡ።

ምን ተበላሸ?

ቀጥ ያለ ስንጥቅ ከቀዳዳ ወደ ላይ ከወጣ አመዱ ቀዝቅዞ ነበር ወይም እናንተ ዘግይታችኋል። ስንጥቁ ሁለት መስታወት የተገናኙበትን መስመር ከተከተለ የማይስማሙ ናቸው፤ ወደ ክሩ ፈተና ተመለሱ። ዶቃው ገና እሳት ላይ ሳለ ዘንጉ ላይ ከዞረ ሽፋኑ ቀጭን ወይም እርጥብ ነበር፤ አታባክኑት፣ በዚያው አቀዝቅዙት። ላዩ እንደ ወተት ከደፈረሰ በመካከለኛ ሙቀት ብዙ ቆይቷል፤ የመስኮት መስታወት ይህ አመል አለበት። በፍጥነት አግሎ ማጥራት፣ ከዚያ ቶሎ ማውጣት ነው መፍትሔው። አረፋ ከበዛ መስታወቱ አልታጠበም፣ ወይም ዙሩ በዙር ላይ ሲደረብ አየር አፍኗል።

33 እኩል

እጅ የሚገራው በጌጥ ሳይሆን በድግግሞሽ ነው፤ ጥሩ ልምምድ የሚሆነው ሙስበሃ (የሙስሊሞች መቁጠሪያ) ነው፦ 33 አንድ ዓይነት ዶቃ። አምስት ቁራጭ መስታወት ያዘጋጁ ሰዎች ለብክነትም ይተርፋቸዋል። መስታወቱን ከማሞቃችሁ በፊት ከማስመሪያ ጋር አስተያዩትና በየጊዜው 2 ሳ.ሜ ብቻ እንዳለቀ አረጋግጡ። ካርቶን ላይ 10 ሚ.ሜ እና 11 ሚ.ሜ ሁለት ቀዳዳ ብሱ፦ በትልቁ ያለፈና በትንሹ ያላለፈ ዶቃ ይገባል፣ ሌላው ለብቻ ይቀመጥ። አርባ ሠርታችሁ ሠላሳ ሦስቱ ቢገጥሙ ጥሩ ነው። የተመረጡትን አንድ ሌሊት ፍሪዘር ውስጥ አሳድሩ፤ ደካማው እዚያው ይለያል። በሕይወት የወጡትን ቀዳዳቸውን በጣት ዳስሱ፣ ስል አፍ ያለውን በእርጥብ ሞረድ አለስልሱ፣ ከዚያ ክር አስገቡ።